ከክዳኑ ውስጥ የተቆረጠው ቆርቆሮ

ይድረስ ጅዳ ለሚኖረው ለታላቅ ወንድሜ ለሱፍዋን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? በክረምቱ ያስቸገረህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ እየደበቅከን ነው? ሙቀቱስ ቀለል አለላችሁ? አብረውህ የሚኖሩት የአገራችን ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ እንደ ድሮው አልታዘዝ ብሏታል። ማሾው ታጭዶ ገብቷል፣ ሽንኩርቱም ውሃ አላጣም። ደህና ነን ስልህ ግን በአካል ማለቴ ነው። ልቤ ደህና አይደለም፤ ይህን ሳልደብቅ ልጀምርልህ።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ባለፈው ዓርብ በአጎታችን በኸድር ስልክ የላክከውን ድምፅ፣ ጎረቤት ግቢያችን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ከፍ አድርገው አሰሙን። «ሂዳያ የመኪናዋን ቁልፍ ለአጎቴ ታስረክብ፤ ሞተር ካቃጠለች ወዲህ የሚያምናት የለም» ስትል ሰማሁህ። ያልሰማ እንዳይኖር ሁለት ጊዜ ነው ያሰሙት። እኔን አንድ ቃል ሳትጠይቀኝ ፈረድክብኝ። ወረቀት ግን ማንም ግቢ መሀል ከፍ አድርጎ አያሰማውም። እስከ መጨረሻው አንብበኝና ከዚያ በኋላ ያሻህን በል።

ቁልፉ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው። አልሰጠሁም።

ስትሄድ ያልከውን አልረሳኸውም። ፒክአፗ በር ላይ ቆማ፣ አጎታችንና እኔ አጠገብህ ሆነን፣ «መሪው የአጎቴ፣ ሞተሩ የሂዳያ» አልክ። ኮሌጅ ገብቼ የመኪና ጥገና ስማር ከቤት ሁሉ የኮራህብኝ አንተ ነበርክ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዘይቷን በጊዜው ቀይሬ፣ ማጣሪያዋን አጽድቼ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ አላስቀረኋትም። ነገር የመጣው ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ቫልቮቹን ከላይ የሚሸፍነው የሞተሩ ክዳን ጥጉ ላይ ሲሰነጠቅ ነው። ዘይቱ እየተንጠባጠበ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ሲወድቅ ይጨስ ነበር። ትክክለኛው ክዳን ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ድረስ ትቁም አልኩ። አጎታችን የገበያ ጭነት ቃል ገብተው ስለነበር መቆሙን አልወደዱትም፤ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ታምራት ጋራዥ ወሰዷት።

ጋሼ ታምራትን ታውቃቸዋለህ፤ እጃቸው አይታማም። ከጓሯቸው የሌላ መኪና ሞተር ክዳን ፈልገው አወጡ። የብሎኖቹ ቀዳዳ ልክ ሆነ። «ብሎን ከገባ ዘመድ ነው» አሉ። ሞተሩ ሲነሣ ግን ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፤ ክዳኑ ከእኛው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሆዱ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ቫልቮቹን የሚገፉትን ብረቶች ይነካቸው ነበር። መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑን፣ ማለት ዘይት እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር የሚገባውን ላስቲክ፣ ሁለት ደራርበው ከፍ ሊያደርጉት ሞከሩ። በዚህም በዚያም አፈሰሰ። ከዚያ ክዳኑን መልሰው ፈቱና ቆርቆሮውን በብረት መጋዝ ይቆርጡት ጀመር። እኔ የደረስኩት ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ ቆርቆሮ ላይ ነውና ሥራውን ልንገርህ። ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀው ትንፋሽ ክዳኑ ላይ ባለች ቱቦ ወጥቶ፣ ሞተሩ አየር ወደሚስብበት ተመልሶ ይገባል። ቆርቆሮው ከቱቦዋ አፍ ሥር ተደቅኖ የሚረጨውን ዘይት ወደ ታች ይመልሳል፤ ትንፋሹን ብቻ ያሳልፋል። እሱ ከሌለ ዘይቱም አብሮ ይሳባል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ አይመርጥም፤ ዘይትም ቢያገኝ ያቃጥላል። ቁልፍ ስታጠፋ የሚቋረጠው ናፍጣው ነው። የራሱን ዘይት መጠጣት የጀመረ ሞተር ቁልፍ አይሰማም።

ይህንኑ ነገርኳቸው። ጋሼ ታምራት መጋዙን ሳያቆሙ፣ «ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሬ ሞተር ስፈታ ኖሬያለሁ፤ ዘይት ጠጥቶ የሰከረ ግን አላጋጠመኝም» አሉ። አጎታችን ቀበል አድርገው፣ «ከጠጣማ ረመዳን ሲገባ እናስጾመዋለን» ብለው የቆመውን ሰው ሁሉ አሳቁብኝ። እንግዲያው ቱቦዋን ከአየር መሳቢያው እንንቀላትና ወደ መሬት እናዙራት፤ ዘይቱ ሜዳ ላይ ቢንጠባጠብ ይሻላል ብዬ ለመንኩ። «ዘይት የምትተፋ መኪና ይዤ ገበያ ልግባ?» አሉና አስነሥተው ሄዱ።

አሁን በኋላ ለመጡት ሽማግሌዎች ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ግቢያችን ቆማ ነበር። ቱቦዋን የያዛት አንዲት ማሰሪያ ናት፤ ካቻቢቴ ለያዘ ሰው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ካቻቢቴውን ይዤ ወጣሁ፣ ኮፈኑንም ከፈትኩ። ከዚያ ሳቃቸው ጆሮዬ ውስጥ መጣብኝና «ይዩት» ብዬ መልሼ ዘጋሁት። እልህ ነው ያሸነፈኝ። በማግስቱ እናታችን አብራን እንደምትሄድ አላውቅም ነበር። ይህ ግን ሰበብ እንጂ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

እሑድ ማሾ ጭነን ወደ ሰንበቴ ገበያ ወጣን። አጎታችን መሪ ላይ፣ እኔ መሀል፣ እናታችን በበሩ በኩል። ጀውሃን አልፈን ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ ሳይረገጥ በራሱ ይጮኽ ጀመር። አጎታችን እግራቸውን ከነዳጁ አነሡ፤ ጩኸቱ ባሰበት። ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ሸፈነው። ዳር ይዘው አቆሙ፣ ማርሹን ነፃ አደረጉ፣ ቁልፉን አጥፍተው ነቀሉት። ቁልፉ መዳፋቸው ውስጥ ሆኖ ሞተሩ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ቁልፉን እዚያው መቀመጫው ላይ ጣሉና፣ «ሊፈነዳ ነው፣ ውረዱ!» ብለው በራቸውን ከፍተው ሮጡ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ግራር ሥር እስኪደርሱ ድረስ ዞር ብለው አላዩንም።

በእናታችን በኩል ያለው በር ከውስጥ እንደማይከፈት ታውቃለህ። ሳትሄድ አሠራዋለሁ ያልከው እጀታ እስከዚያ ቀን አልተሠራም ነበር። መስኮቱን አውርዳ እጇን በውጭ በኩል አውጥታ መያዣውን ብትፈልገው አልያዝላት አለ። ሸሃዳዋን ትደጋግማለች። በአጎታችን በር ልጎትታት አሰብኩ፤ በዚያ ጉልበቷ መሪውን ተሻግራ አትደርስም። መሪው ላይ ተሻግሬ ተቀመጥኩ። ሞተሩን በጭነት አንቄ ላቆመው ብዬ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ አራተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ተጫንኩና ፍሪሲዮኑን በአንዴ ለቀቅኩት። መኪናዋ ወደ ፊት ዘለለች፣ ተንፈራገጠች፣ ከዚያ ዝም አለች። ከፊታችን አንዲት ሴት የተጫነች አህያዋን ይዛ ደርቃ ቆማ ነበር። በእሷና በእኛ መካከል የቀረው ሁለት ክንድ ቢሆን ነው።

ጸጥ ሲል እናታችን መጀመሪያ የተናገረችው ቃል «ኸድር የት አለ?» የሚል ነበር።

በሌላ መኪና ተጎትተን ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ተቀይሯል። እኔ በትምህርቴ ልራቀቅ ብዬ ስነካካ ሞተሩን አቃጠልኩት፤ አጎታችን የሮጡት ደግሞ መንገደኛ እንዳይጎዳ ሊያስቆሙ ነው ተባለ። ላንተም የደረሰህ ይኸው ነው።

ማክሰኞ ሼህ አብዱልመጂድ ሊያስታርቁን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። የአገራችንን ደንብ ታውቀዋለህ። ታናሽ የታላቁን ጉልበት ይስማል፣ ታላቅ ይመርቃል፣ ነገሩ ሳይገለጥ ይከደናል። ምንጣፍ ተነጥፎ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ፣ ነይ አጎትሽን አፉ በሉኝ በያቸው ተባልኩ። ከዱዓው በፊት የሞተሩ ክዳን ይከፈትልኝ አልኩ። አጎታችን፣ «ደግሞ ሽማግሌ ፊት መፍቻ ይዛ ልትቆም ነው?» አሉ። ሼሁ ግን፣ «መኪናዋ እዚሁ ናት፤ ዓይተን ዱዓ ብናደርግ ዱዓው አይቀንስም» አሉ። መጀመሪያ፣ ከዚያች ካልፈታኋት ማሰሪያ በቀር፣ የሆነውን ሁሉ፣ ሩጫውንም ጭምር፣ ተናገርኩ። ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ክዳኑን ምንጣፉ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ሼሁ መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን በተቆረጠው ጠርዝ ላይ አስኬዱ። «ይኼ የመጋዝ ጥርስ ነው። ይህች ልጅ መጋዝ አላት?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ ታምራት ተጠርተው መጡና ቆባቸውን አውልቀው፣ «የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አትቁረጡት ብላን ነበር፤ ሳቅንባት» አሉ። ለዚህች ቃላቸው ስል የቅዳሜውን ሁሉ ትቼላቸዋለሁ።

ያለቀ መሰለኝ፤ አላለቀም። ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ተነጋግረው ሲመለሱ፣ እውነቱ ያንቺ ነው፤ ነገር ግን የአጎትሽን መሮጥ በሰው ፊት አንሥተሻልና ጉልበታቸውን ሳሚ አሉኝ። አልሳምኩም። ቱቦዋን ባለመንቀሌ ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ ወላሂ እናታችን እግር ሥር ወድቄ እስም ነበር። እሱን የጠየቀኝ የለም። እናታችንን ጥሎ ለሮጠ ሰው፣ ሮጠ ስላልኩ ብቻ ጉልበት አልስምም። ዓርብ ያንተ ድምፅ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ትክክለኛውን ክዳን ጋሼ ታምራት ራሳቸው ጣርማ በርን ወጥተው ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደው ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አመጡት። በዚህ ሳምንት አብረን ገጠምነው። እሳቸው ብሎን ሲያጠብቁ ከመሀል ወደ ዳር እያልኩ ቅደም ተከተሉን እኔ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም እሺ እያሉ ሠሩ። ቱቦውንና የአየር መንገዱን አጥቤ፣ ዘይቱን ቀይሬ አስነሣሁት። ሞተሩ አልተቃጠለም። እጅህን ክዳኑ ላይ ብታደርግ ትንፋሹ እንደ ድሮው ነው። የእናታችንን በር እጀታም ሠራሁት። ገብታ ተቀመጠችና ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው።

አጎታችንን መሪውን አልከለከልኳቸውም። ጠዋት ቁልፉን ከእኔ ይቀበሉ፣ ሲመለሱ ለእኔ ይመልሱ፣ ያለ እኔ ሞተሩን ማንም እንዳይፈታ አልኩ። አንተ ያልከውን ነው የደገምኩት። ከልጅ እጅ ቁልፍ አልቀበልም ብለዋል፤ መኪናዋም ቆማለች። ይህን ካነበብክ በኋላም ስጪ የምትል ከሆነ በእሳቸው ስልክ አትላክ። ለእኔው ደውለህ፣ ምክንያትህን ጨምረህ ንገረኝ። እሺ አልልህ ይሆናል፤ ግን የምንጣላው እኔና አንተ እንሆናለን።

ደብዳቤውን የምታደርስልህ ሰሊማ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገርም ትሰጥሃለች። ከጋሼ ታምራት ጋራዥ ወለል ላይ ያነሣሁት ቁራጭ ቆርቆሮ ነው። ጠርዙ ይቆርጣልና ስትፈታው እጅህን ጠብቅ።

እናታችን ሰላም ትልሃለች፤ ስለ እኔ አትስጋ፣ አሁን በሬን ራሴ እከፍታለሁ በይልኝ ብላለች። ታናሻችን ሂክማ ፈተናዋን አልፋለች፤ ሰላም ብላ የተማሪ ቦርሳ ቃልህን አስታውሺልኝ አለች። ጋሼ ታምራት ሰላም ይሉሃል። አጎታችን ሰላም በይልኝ አላሉም፤ አልዋሽህም። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት በቆመችው መኪና አጠገብ ሲያልፉ ኮፈኑን በመዳፋቸው ነካ ያደርጉታል፤ ከዚያ ወደ እኔ መስኮት ቀና ብለው አይተው ይሄዳሉ። እኔም ቁልፉን ይዤ መስኮቱ ላይ እቆማለሁ።

እህትህ ሂዳያ

ሸዋ ሮቢት
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.