መንገደኛ ወይስ ነዋሪ

ከጋምቤላ ሙቀት ተነስቶ የደብረ ታቦር ብርድ ሳያገኘው ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ የሺአረግ። እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? የባለቤትሽ የጋሼ ጥዑመልሳን ሳል ለቀቃቸው ወይስ እንደ ልማዱ ለክረምት ቀጠሮ ይዞ ሄደ? ልጅሽ ሶልያናስ ከትምህርቷ ጋር እንዴት ናት? ግቢውስ፣ ጎረቤቱስ፣ ያቺ ሲያልቧት የምትራገጥ ላምስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ማለት ወጉ ነው። ናፍቆቱም ደህና ነው፤ እንዲያውም ክብደት ጨምሯል።

ደብዳቤ የጻፍኩት በስልክ የማይነገር ነገር ኖሮ አይደለም። በስልክ ግን አንቺና ኔትወርኩ ተባብራችሁ ታቋርጡኛላችሁ። ወረቀት ላይ የሚያቋርጠኝ የለም። አቢጋኤል የምትባል የሥራ ባልደረባዬ በዓመት ፈቃዷ ወደናንተ አገር ስለምትመጣ እጅ በእጅ ታደርስልኛለች። ምሳ ሳትበላ እንዳትለቂያት።

ወሬው የሚጀምረው ከተከታታይ ፊልሙ ነው። ሶልያና አምና የቤታችሁን የፊልም አፕ የይለፍ ቃል ከሰጠችኝ ወዲህ አንቺ የምታዪውን የሐኪሟንና የባለ ጀልባውን ልጅ ታሪክ እኔም እዚህ አያለሁ። ቅዳሜ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ መድኃኒት ሳድል ውዬ ስመለስ ሁለት ሰዎች ይጠብቁኛል፤ ሹፌራችን ኦጅዋክና ነርሷ ኛሙት። ቤቱ ስለሚያፍን ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አድርገን ማንጎው ሥር እንቀመጣለን። ማየቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ክርክሩ እስኪመሽ።

ኦጅዋክ ባሮ ዳር ያደገ ነው። ባለ ጀልባው ወደ ፍቅረኛው ሲቀዝፍ አይቶ፣ “ይሄ ልጅ ቀዝፎ አያውቅም፤ ባሮ ላይ ቢሆን አዞው ራሱ ያዝንለታል” አለ። ኛሙት ደግሞ ሐኪሟ የምታለቅሰው በፍቅር እንዳልሆነ ደርሳበታለች። “ከብት አልተነዳም። ከብት ሳይነዳ ምን ጋብቻ አለ? አባትየው ምን ዓይነት ሰው ነው?” ትላለች። ኦጅዋክ ፊልም ውስጥም ከብት ትፈልጊያለሽ ሲላት፣ አንተስ ዓሣ ስትፈልግ አልነበር ወይ ትለዋለች። በአማርኛ ጀምረው፣ ሲጋጋሉ አንዱ በአኙዋክኛ፣ አንዷ በኑዌርኛ ይቀጥላሉ። አማርኛው ላይ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ።

እሑድ ደግሞ አንቺ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውያለሽ። ልብ ብለሽ ከሆነ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ያወራነው ከዚያ በፊት በስድስቱ ዓመት ካወራነው ይበልጣል። ስለ ራሳችን ስንጠያየቅ “ደህና” ብለን እንጨርሳለን። ስለ ሐኪሟ አማት ግን ግማሽ ሰዓት አይበቃንም።

ችግሩ አፑ ነው። በየጥቂት ሳምንቱ ያቆምና፣ ይህ መሣሪያ ከቤተሰቡ ቤት ውጭ ነው፤ መንገድ ላይ ነህ ወይስ መኖሪያህን ቀይረሃል ብሎ ይጠይቀኛል። መንገድ ላይ ነኝ ካልኩት እናንተ ስልክ ላይ ኮድ ይልካል። የኮዱ ዕድሜ ሩብ ሰዓት ነው። ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነኝ እለዋለሁ፣ ሶልያና ኮዱን ትልክልኛለች፣ መንገዴን እቀጥላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ የመጨረሻውን ክፍል ልናይ ተሰብስበን አፑ ጠየቀ። ሶልያና ጥናት ሄዳ ስልኩ አንቺ ዘንድ ነበር። ደወልሽ። ጤናዬን ጠየቅሽ፣ ሙቀቱን ጠየቅሽ፣ ወባውን ጠየቅሽ፣ ምሳ ምን እንደበላሁ ጠየቅሽ፣ ከዚያ መነጽርሽን ፈለግሽ። ቁጥሩን ስታነቢልኝ ኮዱ ከሞተ ቆይቷል። ኦጅዋክ፣ “ይሄ ድርጅት ደገኛ ሰላም ሲባባል አላየም” አለ። አንቺ ግን ቀጠልሽ፦ “ለመሆኑ ትመጣለህ? የማትመጣ ከሆነ መኝታ ቤትህን ለሶልያና ልስጣት፤ ሳሎን ተኝታ ማጥናት አልቻለችም።” ስልኩ ተቋረጠ። የቆረጠው ኔትወርኩ ነው።

ኛሙት ጥያቄው ምን እንደሚል አስተረጎመችኝና፣ “ሰባት ዓመት መንገድ ላይ? ጀዊ ያሉት ከደቡብ ሱዳን በእግራቸው ሲመጡ እንኳ ይህን ያህል አልቆዩም” አለች። ኦጅዋክ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዘግይቼ።

እትዬ፣ ዝውውር ወጥቶ ሁለት ጊዜ ሳልወዳደር አልፌአለሁ። እዚህ ደልቶኝ አይደለም። በፋሲካ ስመጣ ግን ፎጣ የት እንዳለ ጠየቅሁሽ፤ አንቺም ከቁም ሣጥን አዲሱን አወጣሽልኝ። እኛ ቤት አዲስ ፎጣ ለማን እንደሚወጣ ሁለታችንም እናውቃለን። አንቺ በፍቅር ነው ያደረግሽው፤ እኔም አመስግኜ ተቀበልኩሽ።

እሑድ ብቻዬን ቁጭ ብዬ “መኖሪያዬን ቀይሬያለሁ” የሚለውን ነካሁት። አፑ ደስ አለው መሰለኝ፣ ወዲያው የራሴን ቤት ከፈተልኝ። በናንተ ቤት የኔን ጨምሮ ለየተመልካቹ አንድ አንድ፣ አራት ፊቶች ተደርድረው ነበር፤ አንድ ነገር አይተው የማያውቁት ጋሼ እንኳ ፊት አላቸው። በኔ ቤት አንድ ፊት ብቻ ነው፣ ከጎኑ የመደመር ምልክት። ሰኞ መኪና ውስጥ ኦጅዋክን ፊትህን ልጨምረው ወይ ስለው፣ “እኔ እኮ ቤት አለኝ” አለኝ። ክፋት አልነበረውም፤ እውነቱን ነው።

የመጨረሻውን ክፍል ሆን ብዬ አላየሁትም። እነ ኛሙት ኦጅዋክ ቤት አይተውታል፤ እንዳይነግሩኝ አስምያቸዋለሁ። አንቺው እሑድ እሑድ እየቆረስሽ ንገሪኝ፤ አማቲቱን በአንድ ጊዜ እንዳትጨርሻት።

ለጋሼ ጥዑመልሳን ጉልበት ስሜ ሰላም ብያለሁ፤ በአቢጋኤል የላክሁላቸውን ማር ለብ ባለ ውኃ ይውሰዱት። ለጎረቤቶቻችን በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ላሚቱንም ከርቀት። ሶልያናን ግንባሯን ሳሚልኝና መኝታ ቤቱን ዛሬውኑ ስጫት። መጽሐፎቼን በካርቶን አድርጋ ቆጥ ላይ ታውጣቸው፣ አልጋውን ወደ ብርሃኑ ታዙረው። መስኮቱ ከታች በኩል ትንሽ ብድግ ካልተደረገ አይዘጋም፤ ይህን ከኔ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ እንዳይበርዳት ንገሪያት።

ወንድምሽ ተክሌ
ጋምቤላ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.