ለእሜቴ የሚሆን ቤት

ለምወድሽም ለተቀየምኩሽም የልጅ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ጨጓራሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ፣ ከጆሮዬ፣ ከዓይኔና ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ፤ ለተረፈው እግዜር ይመስገን። አባትና እናትሽም ደህና ናቸው። ጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ ይገባሉ፤ በመሀል ያለውን ቀን እኔና ድመትሽ እሜቴ እንጠብቅላቸዋለን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። አንቺ የምትደውዪው ማታ ነው። ማታ ደግሞ እናትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት «ደህና ናቸው፣ በልተዋል፣ ሊተኙ ነው» እያለች ትመልስልኛለች። እኔም ስለ ራሴ ጤና ከእሷ እየሰማሁ እደሰታለሁ።

ቤት ማግኘትሽን የሰማሁትም በእሷ በኩል ነው። ሁለት ክፍል፣ በረንዳ ያለው፣ ፀሐይ የሚገባው። ደስ ብሎኝ ያለ ከዘራ ልነሳ ምንም አልቀረኝ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ «አባባ፣ ቤት ያገኘሁ ቀን መጀመሪያ የምወስደው አንተን ነው» ያልሽኝ ትዝ አለኝና ሸሚዞቼን በልቤ ማጣጠፍ ጀመርኩ። እናትሽ ስልኩን ስትዘጋ «ድመቷን ላኩልኝ ብላለች» አለች። ሳቅሁ። ቃልሽ መንገድ ላይ ጺምና ጅራት አብቅሎ መጣ። ጺሙስ እኔም አለኝ፤ የጎደለኝ ጅራቱ ነው።

ይሁን፤ ቅያሜዬን ላቆየውና ስለ ቤቱ ልንገርሽ። ዕድሜዬን ሙሉ በአናጺነት ለሰው ስሠራ ኖሬ፣ በስተርጅና ለድመት የሠራሁ ሰው ነኝና ምክሬን አትናቂ።

በረንዳሽን እንዳታምኚው። እሜቴ ወፍ ካየች ፎቅ መሆኑን ትረሳለች። እዚህ የመጣች ሰሞን በረንዳው ብረት ላይ እንደ ሙሽራ ስትንጎራደድ አይቼ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። በማግስቱ ከላይ እስከ ታች የሽቦ መረብ ወጠርኩበት፤ መዳፏን እንዳይወጋት የሽቦውን ጫፍ በእንጨት ከደንኩት። አባትሽ እስር ቤት አስመሰልከው ብሎ ሳቀብኝ። አሁን «ድመቷ ስትሄድ ልንቀለው?» ብዬ ብጠይቅ፣ እናትሽ «ይቆይ አባባ፣ ለጥንቃቄ ጥሩ ነው» አለችኝ። ድመት በሌለበት ቤት ማን እንዳይወድቅ እንደምትጠነቀቅ አልጠየቅኳትም።

መውጫ መውረጃም ሥሪላት። ድመት ዓለምን ከሰው ቁርጭምጭሚት ሥር ብቻ እያየች መኖር አትወድም። እኔ ግድግዳው ላይ እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ እያደረግሁ እስከ ቁምሳጥኑ አናት መደርደሪያ ሰቀልኩላት። እናትሽ ለጌጥ የተሠራ መስሏት ለእንግዳ የምታወጣቸውን ብርጭቆዎች ደረደረችበት። እሜቴ ምን ታድርግ፣ መንገዷ ተዘግቷል። አንድ በአንድ በመዳፏ እየገፋች አወረደቻቸው፤ እያንዳንዱ ሲሰበርም ጎንበስ ብላ ታይ ነበር። እናትሽ የተቆጣችው እኔን ነው። እውነቱን ለመናገር የመጨረሻውን ልቀልበው እችል ነበር።

ምግቧን ሁልጊዜ በሳህን አታቅርቢላት። ጥቂቱን በወረቀት ጠቅልለሽ ደብቂላትና ፈልጋ ታግኘው፤ ሥራ የፈታ ፍጥረት ሆድ ይብሰዋል። ጥፍሯን የምትስልበት ግንድ በገመድ ጠቅልዬላታለሁ፤ ያንን እንደቧጨረችው ውሰጂላት፣ ጠረኗ አለበት። እንግዳ ሲመጣባት የምትደበቅበት ካርቶን አይጥፋ፤ እዚያ ከገባች ጎትተሽ እንዳታወጪያት። ዕቃም ቶሎ ቶሎ አታዛውሪ። ያረጀ ፍጥረት መንገዱን የሚያውቀው በልማድ ነው፤ ወንበር ቦታው ላይ ሲያጣ ግራ ቢገባው አበደ አይባልም።

ይህን ከራሴ ነው የተማርኩት። አንድ ቀን ለእሷ ዓሣ ልገዛ ወጥቼ እግሬ በልማዱ ወደ ድሮው አናጺ ቤቴ ይዞኝ ሄደ። አናጺ ቤቱ መድኃኒት ቤት ሆኗል። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ፣ የሥራ ባልደረቦቼ መጥተው እስኪከፍቱልኝ ስጠብቅ መሸ። አባትሽ ፈልጎ ሲያገኘኝ ዓሣው ሸቷል። ቤት ስንደርስ እናትሽ ታለቅሳለች፤ ማን ሞተ ብላት ባሰባት። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፣ እሰድባቸዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓሣ የሚገዛው አባትሽ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ቀኑን ሙሉ ብቻዋን አትተያት። መደርደሪያ ቢደረደር፣ ኳስ ቢንከባለል፣ የሚያነጋግራት ከሌለ ቤቱ ባዶ ነው። እኛ እነሱ ከወጡ በኋላ እናወራለን። እኔ ስለ እንጨት ዓይነት አስረዳታለሁ፣ እሷ ታዛጋለች፤ ከአባትሽ ይልቅ ጨዋ ናት፣ እያዛጋችም ቢሆን እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች። ያንቺ ናት፣ አልከለክልሽም። ከሄደች ወዲያ ግን ለማን እንደማወራ አስቤ አስቤ ሰው አጣሁ። ለብቻዬ ሳወራ ከሰሙኝ ደግሞ ሐኪም ይጠሩብኛል።

አባትሽ ቅዳሜ በካርቶን አድርጎ በአውቶቡስ ሊልክልሽ አስቧል። አይሆንም ብያለሁ። እሜቴ ዕቃ አይደለችም፤ ከፈለግሽ ራስሽ መጥተሽ ውሰጂያት። ስትመጪም በሥራ ቀን፣ ረፋድ ላይ ይሁን። ቅዳሜና እሁድ ሁሉ ነገር አምሮ ተሰናድቶ ስለሚጠብቅሽ ምንም አታዪም።

በይ የእኔ ልጅ፣ አዲሱ ቤትሽ ሳቅ የማይጠፋበት ይሁን። ጣራሽ አያፍስስ፣ ጎረቤትሽ አይክፋ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። ልጅ ወልደሽ፣ እሱም እንደኔ ነገረኛ ሆኖ አፍሽን ያስይዝሽ።

አያትሽ

ልረሳው ነበር። በሩን ብታንኳኪ አልከፍትልሽም። ተቀይሞኝ ነው ብለሽ ከደጅ እንዳትመለሺ። መጀመሪያ ታች ዘበኛው ጋ ጎራ በይ፤ ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው።