የመጀመሪያው ዝናብ ለምራቴ

ለተከበሩ የከተማ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጌታዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የሳንባዎን ደህንነት እጠይቃለሁ፤ መስኮትዎ ዘወትር ዝግ ስለሆነ ግን ብዙም አልሰጋም። እኔ ከአዲሱ የቀለበት መንገድ ሥር የምኖር ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር ስሆን፣ የከተማችንን ዕድገት በየዕለቱ እየተነፈስሁት እገኛለሁ። ለዚህም ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፩. የቧንቧው ውኃ ወደ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ከዞረ ወዲህ እኛ የጣሪያ ውኃ በበርሜል እያጠራቀምን እንጠጣለን። በሰፈራችን የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ንጹሕ ነው ተብሎ ለሚወዱት ሰው ይቀመጣል። ድሮ ይሁን፤ ዛሬ ግን ያ ዝናብ ወራት ሙሉ የተከማቸውን የመኪና ጭስና የፋብሪካ ድኝ ከሰማዩ አጥቦ፣ አሲድ ሆኖ ነው የሚወርደው። ነቢይ በአገሩ አይከበርም እንዲሉ፣ ይህን ለባለቤቴ ባስረዳትም ከፍቅሯ ብዛት ነፍሰ ጡሯን ምራታችንን ከዚያው በርሜል ስታጠጣት ከረመች።

፪. የቤታችን አሮጌ አሸንዳ እርሳስ በሚባለው መርዘኛ ብረት የተበየደ ነው። የአባቴን ዘመን ዝናብ ችሎ ኖሯል፤ የእርስዎ ዘመን ዝናብ ግን ብየዳውን እየበላ ወደ በርሜሉ ያወርደዋል። በምራቴ ደም ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። ስለ ጽንሱ ስጠይቀው ሐኪሙ የሕፃናት ሐኪም አድራሻ ጻፈልኝ። ፈርቻለሁ ጌታዬ፤ ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያለ ሽሙጥ ያንብቡልኝ።

፫. ላቀረብሁት አቤቱታ ጽሕፈት ቤትዎ የዝናቡ ንጽሕና በመለኪያ ጣቢያ መረጋገጡን በትሕትና ገልጾልኛል። ጣቢያውን ፍለጋ ብሄድ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ፣ መኪና በማይደርስበት ጫካ ውስጥ ተተክሎ አገኘሁት። ዛፎቹ ጥሩ ውኃ በመጠጣታቸው ደስ ብሎኛል። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካስ ንጹሕ ዝናብም አለን።

ስለዚህ ምራቴ ሳትወልድ ቧንቧችን እንዲከፈት፣ መለኪያውም ሰው ወዳለበት እንዲመለስ፣ ከስብሰባ በተረፈ ጊዜዎ እንዲያስቡበት እማጸናለሁ።

ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጥላዎንም አያሳጣዎ እያልሁ፣
ደጅዎን ሲጠና የከረመው፣ ደመና ባየ ቁጥር እርስዎን የሚያስታውሰው፣
የበርሜሉ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጣቢያው በተነሣበት ቦታ የሚሠራው የሕፃናት ሆስፒታል መሆኑን ዛሬ ከአጥሩ ላይ አነበብሁ። አርቆ አሳቢነትዎን አደነቅሁ። እባክዎ ሰው ሳይሻማበት ለልጅ ልጄ አንድ አልጋ ያስይዙልኝ።