እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት

እህት ዓለም፣
ሳልሰናበትሽ ወጣሁ። ቁልፉ ምንጣፉ ሥር ነው። ሲሊንደሩን ዘግቼዋለሁ።

የእንግሊዝኛ መልመጃሽን አርሜልሻለሁ። አንቺም እንደ ወንድምሽ "ባይ" እና "አንቲል"ን ትደበላልቂያለሽ። አልፈርድብሽም፣ በእኛ ቋንቋ ሁለቱም "እስከ" ናቸው። "ባይ ሲክስ" ማለት እስከ አሥራ ሁለት እመጣለሁ ነው። "አንቲል ሲክስ" ማለት እስከ አሥራ ሁለት እቆያለሁ፣ ከዚያ የለሁም።

ወንድምሽ የሄደ ቀን ፍሪጁ ላይ የለጠፈው ወረቀት ትዝ ይልሻል? "አይ ዊል ቢ ሆም አንቲል ሲክስ" ነበር የሚለው። እኔ፣ አብሬያችሁ የምኖር መምህርት ተብዬዋ፣ እንደ ልማዱ ተሳስቷል ብዬ ሰረዝኩና በቀይ "ባይ" ጻፍኩበት።

አንቺም አመንሽኝ። አመሻሽ ላይ ከሥራ ገብተሽ አነበብሽው፤ እስከ አሥራ ሁለት ይመጣል፣ አሁን ቤት የለም ብለሽ፣ የሚወደውን ልትገዢለት ገበያ ወጣሽ።
እሱ ክፍሉ ውስጥ ነበር። እስክታንኳኪ ይጠብቅ ነበር።
ልክ አሥራ ሁለት ሲሆን ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ አከራያችን አይተውታል። ነግረውኝ ከአንቺ ሸሸግኩት።

ይኸው ዓመት ሞላው። አሥራ ሁለት በሆነ ቁጥር ሦስተኛ ሳህን ታወጪያለሽ፣ ኮቴ ሰማሁ ትያለሽ። እኔ ያን ሳህን እያየሁ አብሬሽ መቀመጥ አልቻልኩም።

የእንግሊዝኛ ፈተናሽ ላይ አትቸኩዪ። ሳህኑን ወደ ቦታው መልሺው።

ወንድምሽ ያን ቀን አልተሳሳተም።