የአባባ ሐሙስ

ይድረስ ለወንድምዓለም፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም።

አባባ ዛሬም ልብስ ይሰፋል፤ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የማስገባለት ግን እኔ ነኝ። «ሐሙስ ይደርሳል» ካለ ሐሙስ ነው፤ ሰዉ የሠርጉን ቀን በእሱ ቃል ይቆርጣል። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል!

መጀመሪያ «መጣሁ» ስትል ኮትህን በሦስት ቀን ሰፍቶ ሰቀለው። ለሁለተኛም ለሦስተኛም ጊዜ «መጣሁ» ስትል አቧራውን እያራገፈ ጠበቀህ። የአሁኑን ደብዳቤህን ሳነብለት «አጻጻፉ ሲያምር!» አለ እንጂ የምትመጣበትን ቀን ድገሚልኝ አላለኝም። ትናንት የኮትህን እጅጌ በጎረቤታችን ልክ አሳጠረው።

«ምነው አባባ?» ስለው፣ «ጎረቤታችን ሐሙስ እወስደዋለሁ ብሏል፤ እሱ ይመጣል» አለኝ።

በል ደህና ሁንልኝ። ስትነሳ ቀን አትጻፍልን፤ መጥተህ በሩን አንኳኳ።

ክር አስገቢዋ እህትህ