ስልሳ አንደኛው ሸክላ

አሰብ፣ ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነላት? የደሴ ብርድ በዚህ ወር እንደማይምር አውቃለሁና ካልሲዋን እንዳታወልቅ። እኔ ተመስገን ነው፤ ሙቀቱም በኅዳር ረገብ ስለሚል ወደቡ ላይ ቀን በጥላ መቆም ይቻላል።

ደብዳቤዎቼን ለእማዬ ጮክ ብለሽ ታነቢላታለሽ። ይህን ግን ብቻሽን አንብቢው። በፖስታ ያልላክሁትም ለዚሁ ነው፤ የሚያደርስልሽ ደስታው የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ የታመነ ሰው።

ባለፈው ደብዳቤሽ ተቆጥተሽኛል። ሰው ወንድሙ ጠፍቶበት የፈረንጅ ሸክላ ይለቅማል ወይ ብለሻል። ከሩቅ ለሚያየው በእርግጥ እብደት ነው። በቤቴ ውስጥ ከአልጋዬ በቀር ያለው የሶል ሸክላ ብቻ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የዘፈኗቸውን፣ ጥቂት ብቻ ታትመው የቀሩትን፣ ከመርከበኛም ከተዘጋ ቡና ቤትም እየለመንኩ እሰበስባለሁ። የዘፋኙን ስም፣ የታተመበትን ከተማ፣ ጠርዙ ላይ የተጫረውን ቁጥር ሁሉ በደብተር እመዘግባለሁ። ግን እትዬ፣ ወንድም ጋሼ ካሣን የምፈልግበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ቀበሌ ሄጄ ብጠይቅ እኔም አልመለስም ነበር።

ሸክላዎቹን ለድግስ ሲያውስ እንዳይጠፉበት ያንቺን ቀይ የጥፍር ቀለም እየሰረቀ መሐላቸው ላይ ነጥብ ያደርግ እንደነበር፣ ከነጥቡም ሥር ቁጥር ይጽፍ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ስንት ጊዜ ተጣልታችሁበታል። በግንቦት ሰባ ሲሸሽ ስልሳ አንደኛውን ብቻ ነበር የያዘው፤ አስመራ ቃኘው ጣቢያ ከነበረ ወታደር ያገኘውን፣ በዓለም ላይ መቶ አይሞላም እያለ የሚኮራበትን። አሰብ የሚመላለስ አንድ ግሪካዊ መርከበኛ እንዲህ ያለ ሸክላ እንደሚሰበስብ ሰምቶ ስለነበር፣ ሸክላውን ሰጥቶ በመርከቡ ሊሳፈር አስቦ ነበር። ስለዚህ ሸክላውን ያገኘ እሱን ያገኛል ብዬ ወደዚህ መዛወር ጠየቅሁ።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር። በሰባ አንድ ዓ.ም. አንድ መርከበኛ ጅቡቲ ውስጥ ቀይ ነጥብ ያለበት የሶል ሸክላ አየሁ አለኝ። እኔም ቁጥሩን እንኳ ሳልጠይቅ፣ ወንድም ጋሼ ጅቡቲ ገብቷል ብዬ ለእማዬ ጻፍኩ። በዚያ ዘመን ሸክላ የሚያውስ ወጣት ሁሉ በጥፍር ቀለም ምልክት ያደርግ ነበር፤ ከቀለሙም የሚበዛው ቀዩ ነው። ማንኛውንም ሸክላ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ሳላነብ ደብተሬ ላይ የማላሰፍር ሰው፣ ይህን አንዱን ሳላጣራ ጻፍኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን የምለቅምበት የለኝም። እማዬ በዚያች ደብዳቤ ሦስት ዓመት ኖረች። ስለቷን አገባች፤ ሲመጣ የሚለብሰውን ጋቢ አስፈትላ አሠራች።

ባለፈው ወር የደስታው መኪና በአሰብ መንገድ ላይ ደባይሲማ አጠገብ ተበላሸችና ሐማዱ የሚባል አፋር ሽማግሌ አስጠግቶ አሳደረው። እዚያ ቤት በፍየል ቆዳ የተጠቀለለ ሸክላ አየ። ቀይ ነጥብ አለው፣ ከሥሩም ስልሳ አንድ ተጽፏል። ልውሰደው ቢል ሽማግሌው የሰው አደራ ነው፣ ለዘመዱ ካልሆነ ከቤቴ አይወጣም ብሎ ከለከለው። ደስታው ይህን ሲነግረኝ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ከሁሉ አስቀድመው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። የኛ ደንብ ሌላ ነው፤ እኛ እንዲህ ያለውን ሰው ሰብስበን፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ደግፈን ነው የምንናገረው። ሐማዱ ግን ምኑ እንደሆንኩ ጠየቀኝና እጄን እንደጨበጠ፣

«ወንድሙ ከሆንክ አንዳች ሳላስቀር ልነግርህ ይገባኛል» አለኝ።

በጠራራ ፀሐይ፣ እንደቆምን፣ ሁሉንም ነገረኝ። ኬላ ለመሸሽ ከመኪና ወርዶ በእግሩ መምጣቱን፣ በስንተኛው ቀን እንዳገኙት፣ ውሃ ሲሰጡት ስንት ጉንጭ እንደጠጣ፣ ሸክላውን ፀሐይ እንዳታገኘው ብሎ መለመኑን። ከዚያ በኋላ ያለውንም። አንገቱ ላይ ማተብ ስላየ የኛን ሥርዓት ከሾፌሮች ጠይቆ እንደፈጸመ ነገረኝ። በላዩ በእጁ የካበውን ድንጋይም ወስዶ አሳየኝ፤ የሸክላውንም አደራ አስረከበኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩበት። እንዲህ ያለ ነገር የሚይዘኝ ሰው በሌለበት እንዴት ይነግረኛል አልኩ። ኋላ ግን አፈርኩ። እኔ ለእናቴ ለአንድ ቀን ያልጠበቅሁትን እውነት እሱ ለማያውቀው ሰው ከሦስት ዓመት በላይ ጠብቆታል። አቅፎኝ አለቀስኩ። የሚይዝሽ ሰው ሳላዘጋጅ ይህን ላንቺ በመጻፌ አንቺም ይቅር በይኝ፤ እማዬን ካንቺ በቀር የሚይዛት የለም።

በመጪው ሳምንት ቅዳሜ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ደሴ እገባለሁ። ቤት ግን አልመጣም፤ ፊቴን ካየች ታውቃለች። አጎታችን ጋሼ ቸሩ ዘንድ አድራለሁ። ለእሱና ለዕድሩ ዳኛ ንገሪ። ጎረቤታችን እትዬ ከበደችም ጉልበት አላቸውና አይቅሩ። እሑድ ፀሐይ ሳትወጣ እንመጣለን። እስከዚያ ጥቁር እንዳትለብሺ፣ ዓይንሽም እንዳይቀላ። ምን ጻፈ ካለችሽ፣ ፈቃድ አግኝቶ ሊመጣ ነው በያት፤ ይህ ውሸት የለበትም። የሚካኤልን ዝክሯን በደስታ ታክብር። ቅዳሜ ማታ እራቷን በደንብ አብያት።

እግዚአብሔር ለሁላችን ጥናቱን ይስጠን፤ አንቺንም ለእማዬ ያቁምልን።

አንድያ ወንድምሽ