ሦስት ጠመንጃዎች ከነጠላዬ ሥር

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለአጥናፉ፣

ወሬው ካለህበት ደርሶህ እንደሆነ መጀመሪያ እሱን ላርም። ሽጉጥ አልገዛሁም። በቪያ ቮልቱርኖ የስልክ ሱቅ ያላት ጥሩነሽ «አጸደ ሽጉጥ ገዝታ በነጠላዋ ጠቅልላ ስትወጣ በዓይኔ አየሁ» ብላ ለማኅበራችን ሴቶች በሙሉ ተናግራለች። አንደኛ፣ ሽጉጥ ሳይሆን ጠመንጃ ነው። ሁለተኛ፣ የኔ ሳይሆን የልጃችን የትርሲት ነው። ሦስተኛ፣ በነጠላዬ የተጠቀለለው ጠመንጃ ሻጩ ሱቅ ውስጥ እንጂ መንገድ ላይ አይደለም፤ ጥሩነሽ ያየችው በመስታወቱ አሻግራ ነው። ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ደግሞ አድጎ ጠበቀኝ፤ እዚህ ሮማ፣ ፒኜቶ ሰፈር፣ ከመስኮቴ ሥር የሚጮኹትን የመጠጥ ቤት ጎረምሶች ልተኩስባቸው ነው ተብሏል። የነፍስ አባቴ ደውለው ጤንነቴን ጠየቁኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው። ጎረምሶቹም ደህና ናቸው።

ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ቤትህ እንደተውከው ነው ብል እዋሻለሁ። ትርሲት የኦስቲያውን ኪራይ ቤት ለቃ ከኔ ጋር ገብታለች። «ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው» ትላለች፤ እኔ ግን የጧቱ ባቡር ሰልችቷት እንደሆነ አውቃለሁ። ጠመንጃህን ትቆልፍበት የነበረው የብረት ቁም ሣጥን ባዶውን ሲቆም አላስችል ብሎኝ ጃንጥላዎቹን አስገባሁበት። በረንዳው ላይ ያለው ሎሚህ አፍርቷል፤ ፍሬው ትንንሽ ነው፣ ግን ሎሚ ነው። አንተ ጫካ ድረስ ሄደህ ትፈልገው የነበረው የዱር አሳማ ደግሞ ዛሬ ራሱ ወደ ሮማ እየመጣ ከቆሻሻ ገንዳ ምሳውን ይበላል። ግልገሎቹን አስከትሎ በዜብራ ሲሻገር የተነሳ ፎቶ ትርሲት አሳይታኛለች። በዜብራው ማለፉን ወድጄለታለሁ፤ ከብዙ ሞተረኛ ይሻላል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የአደን ቡድናችሁ አለቃ ዲኖ ነሐሴ ላይ ቤት መጣ። ቧንቧ የሚሠራበትን ቱታ ለብሶ፣ ባርኔጣውን እጁ ላይ እያሽከረከረ፣ መቀመጫ ሰጥቼው እንኳ ቶሎ አልተቀመጠም። «ሲኞራ አጸደ፣ የአጥናፉን ቦታ እስከ ዛሬ ይዤለታለሁ። ሌሎች እየጠየቁኝ ነው። አደኑ ሲከፈት ከዚህ ቤት ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ ሰው ከሌለ ለሌላ መስጠቴ ነው» አለ። ሲናገር ወለሉን ነበር የሚያየው።

ለሌላ ሰው ያ ቦታ ከአንድ የባሉጥ ዛፍ ሥር መቆሚያ ነው። እኔ ግን እዚያ ምን እንደነበርክ አውቃለሁ። ዕድሜህን ሙሉ የዱር አሳማ ስታድን ኖረህ አንድ ቁራሽ ሳትቀምስ የሄድክ ሰው ነህ። የኛ ሰዎች «የማይበላውን የሚያድን» እያሉ ይስቁብህ ነበር። ጣሊያኖቹ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት በሥጋ ክፍፍል ሲጣሉ አይተህ ቅርጫን አስተማርካቸው። ሥጋውን በየመደቡ እንዲያስቀምጡ አደረግክ፤ አንተ በእጅህ ሳትነካ በበትር ብቻ «ከዚህ ቀንስ፣ እዚያ ጨምር» አልክ፤ ከዚያ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ አዝራር፣ አንዱ የባሉጥ ፍሬ ምልክት ሰጠህና ጀርባህን አዙረህ ዕጣ ጣልክላቸው። ስለማትበላ አመኑህ። ዲኖ ራሱ፣ ሚስቱ የታፋውን መደብ እንዲያመጣላት አጥብቃ ነግራው እያለ አንገት ሲደርሰው፣ ቃል ሳይተነፍስ ተሸክሞ መሄዱን አንተ ነህ የነገርከኝ። ያንን ሥርዓት ያመጣ ሰው ቦታ ለማንም እንዲሰጥ አልፈለግሁም። ይኸው ነው ያስጨነቀኝ።

ትርሲት «ማማ፣ እኔ እሄዳለሁ» ብላ ተነሳች። በልጅነቷ ይዘሃት ትሄድ ስለነበር መንገዱን ታውቀዋለች። ተማረች፣ ሐኪም ፊት ቀረበች፣ የተኩስ ፈተናውን አለፈች፣ ፈቃዱን አወጣች። እቤት አብሬያት የምኖር እኔ ስለሆንኩ መሣሪያ ሲገባ ማወቅ አለብኝና ጠየቀችኝ፤ እኔም ፈቀድኩ። የቀረው ጠመንጃው ነበር። ያንተን፣ በዚያን ጊዜ ከመካከላችን ፈቃድ ያለው ስላልነበረ፣ ለዲኖ ወንድም አስተላልፈነዋል። ብናስቀረውም አይሆናትም ነበር። ቀለሁን ወደ ቀኝ ይተፋል፤ ልጅህ ደግሞ ግራኝ ናት፤ ብትደግነው ቀለሁ በፊቷ ላይ ነው የሚያልፈው። ትዝ ይልህ እንደሆነ «በቀኝሽ ብዪ» የማለቱ ሥራ የኔ ነበር፣ «በግራዋ ትጻፍ፣ ተዋት» የማለቱ ደግሞ ያንተ። ሁለታችንም ተሳክቶልናል።

ሲኞር ፋውስቶ፣ ያ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ጠመንጃ የሚሸጠው ሽማግሌ፣ ለግራኝ የሚሆኑ ሦስት ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች አስመጣልን። አንዱ የጣሊያን፣ አንዱ የጀርመን፣ አንዱ የቤልጅግ። ሦስቱም በአሠራራቸው ተመሳሳይ ናቸው፤ ሲተኮስ ባዶውን ቀለህ ራሳቸው አውጥተው ሌላውን ራሳቸው ያጎርሳሉ፣ ቃታው ግን ለያንዳንዱ ጥይት መሳብ አለበት። ይህን የምጽፍልህ አንተ ስለማታውቅ ሳይሆን እኔም ማወቄን እንድታይ ነው።

ቅዳሜ ከኪዳን መልስ ነጠላዬን እንደለበስኩ ገባሁ። ትርሲትና ዲኖ ቀድመውኝ ደርሰው ክርክሩ ተጀምሯል። ሁሉም ስለ ስም ነበር የሚያወራው።

ሲኞር ፋውስቶ ለጀርመኑ ቆመ። «ሲኞራ፣ ጀርመን የሠራውን መኪና አይተው አያውቁም?» አለኝ።

«አውቃለሁ። ስሠራበት የነበረው ቤት ጌታ አንድ ነበራቸው። እሱ ጋራዥ እየዋለ እሳቸው በእግራቸው ነበር የሚሄዱት» አልኩት።

ትርሲት ለቤልጅጉ ቆመች። በስልኳ ስንት ቪዲዮ እንዳየች እግዜር ይወቅ። «ማማ፣ ሁሉም ይሄን ነው የሚያሞግሱት፤ ቀላል ነው፣ ሲተኮስ አይራገጥም» ትለኛለች። የሚያሞግሱት ሰዎች ያንቺን ትከሻ የት ያውቁታል ብዬ ጠየቅኋት። «ኡፋ፣ ማማ!» ብላ ፊቷን አዞረች። አርባ ዓመት አልፏት አሁንም ፊቷን ታዞራለች።

ዲኖ ደግሞ ጣሊያኑን አቅፎ ቆሞ አልለቅም አለ። «አጥናፉ የያዘው ይኼንኑ ነው! አንድ ፋብሪካ፣ አንድ እናት! ልጁ ሌላ ብትይዝ ክህደት ነው!»

እውነቱን ልንገርህ፤ ልቤ ከዲኖ ጋር ነበር። ከአደን ስትመለስ፣ በር ላይ ቆመህ ባዶ መሆኑን እንደገና ለማረጋገጥ ስትከፍተው የሚሰጠው አንድ ደረቅ ድምፅ ነበረው። እኔ ሾርባህን የማሞቀው ያንን ስሰማ ነው። «ደህና ገባሁ» ማለትህ ነበር፤ በአፍህ ብለኸው አታውቅም። ሲኞር ፋውስቶ ጣሊያኑን ከፍቶ ባዶነቱን ሲያሳየን ያው ድምፅ ወጣ። ባንኮኒውን ያዝኩ። ያ ድምፅ ቤቴ እንዲመለስ ፈለግሁ። «ጣሊያኑን ውሰጂ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

ግን አንተ ያንተን የገዛህ ዕለትም አብሬህ ነበርኩ። ሻጩ ስለ ፋብሪካው ዝና ሲያወራ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ደገንክ፤ ከዚያ ዓይንህን ገልጠህ የት እንዳነጣጠርክ አየህ። ሰውዬው ሳቀብህ። «ስሙ አይደለም ትከሻዬ ላይ የሚያርፈው» አልከው። ስለዚህ አፌን ዘግቼ ነጠላዬን አወለቅሁ።

«ዝም በሉ ሁላችሁም። ስም የሚባል ነገር ከእንግዲህ እዚህ ቤት አልሰማም» አልኩ። በተማርኩበት አዳሪ ትምህርት ቤት የመምህራችን ድምፅ እንዲህ ነበር፤ ለካ አብሮኝ ኖሯል። የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዳታይ ትርሲትን ፊቷን ወደ በሩ አዞርኳት። ሲኞር ፋውስቶ ሦስቱንም ከፍቶ ባዶነታቸውን አንድ በአንድ አሳየን። ከዚያ ማርካው የተቀረጸበትን መሃሉን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ማነጣጠሪያውንና ሰደፉን ብቻ አስቀርቼ፣ በተራ ሰጠኋት። ጥሩነሽ በመስታወቱ ያየችው ይህን ነው። ደንቡን ነገርኳት፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የአሳማ ራስ ደግኚ፣ ከዚያ ገልጠሽ የት እንዳረፈ ንገሪን።

የመጀመሪያው ኮርኒሱ ላይ አነጣጠረ። ሁለተኛው የአሳማው ጆሮ ላይ። ሦስተኛውን ስትደግን ዓይኗን ገልጣ ሳቀች፤ የአሳማው ዓይን ላይ ነበር። ተራውን ቀያይሬ አስደገምኳት። ያው ሆነ።

ነጠላዬን ገለጥኩ። ኮርኒሱ ላይ ያነጣጠረው ጣሊያኑ ነበር።

«ሰደፉ ረዝሞባት ነው!» ብሎ ዲኖ ጮኸ። «ይቆረጣል! ፋውስቶ፣ ይቆረጣል አይደል?»

ሲኞር ፋውስቶ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገረን፤ ሐቀኛ ሰው ነውና ሚዛኑ ትንሽ እንደሚዛባም ጨመረበት። ሁሉም እኔን አዩኝ። ትርሲት እንኳ «ማማ፣ አንቺ ከፈለግሽ እኔ እለምደዋለሁ» አለችኝ፤ ይህን ስትል በአማርኛ ነው ያለችው። እሺ ብል የሚወቅሰኝ አልነበረም። አጥናፉ፣ እሺ ማለት ምን ያህል እንደቃጣኝ አታውቅም።

«ዲኖ፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያንተ ጠመንጃ ተሸነፈ ተብሎ ደንብ አይቀየርም» አልኩ።

«የእርስዎም እኮ ነበር!»

«የኔም ነበር። ስለዚህ ነው የማይቀየረው።»

የአሳማው ዓይን ላይ ያረፈው ቤልጅጉ ነው። ትርሲት «ብዬሽ ነበር» ልትል ስትል ቀና ብዬ አየኋት፤ ዋጠችው።

ዲኖ ሳቅ ጀመረ። «አንድ ነገር ልንገርዎት? አጥናፉ ካለፈ ወዲህ ሥጋ በከፈልን ቁጥር ጠብ ነው። አምና ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ታፋ ምክንያት ተኮራርፈው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ልጅዎ ትከፍልልናለች ብዬ ነበር። ግን አትሆንም፤ ኦስቲያ የአሳማ ቋሊማ ስትበላ አይቻታለሁ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው!» አለች ትርሲት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ያለው የማን ነው?» አልኳት። ቋሊማው እንዳለ ማወቄን እስከዚያ ሰዓት አታውቅም ነበር። ሲኞር ፋውስቶ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

«እንግዲህ እርስዎ ይምጡ» አለ ዲኖ። «አይበሉም። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ በሚወዱት ላይ ራስዎ ሲፈርዱበት በዓይኔ አየሁ። ልጅቷ በጠመንጃው፣ እርስዎ በክፍፍሉ። የአጥናፉ ቦታ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ቀድሞም የሁለት ሰው ሥራ ነበር።»

ማሰብ አለብኝ አልኩት፤ ቶሎ እሺ ማለት ደንብ አይደለም። ተርሚኒ ደርሰን ትራም ስንሳፈር ግን አስቤ ጨርሼ ነበር።

ጠመንጃው ለፖሊስ ተመዝግቦ እቤት ገብቷል። ጃንጥላዎቹ ወጥተዋል፤ ጥይቱ ለብቻው ተቆልፏል፤ ቁልፎቹ ትርሲት ዘንድ ናቸው፣ እኔም አልፈልጋቸውም። መጀመሪያ ያስገባችው ዕለት ከፍታ ባዶነቱን አየች። ድምፁ ያንተን አይመስልም። ለስለስ ያለ ነው፤ ልክ በር እንዳይጮህ ቀስ ብሎ እንደሚገባ ሰው። ወጥ ቤት ነበርኩ። ሳላስበው ምድጃውን አቀጣጠልኩ።

ደብዳቤ ያለ ቃል ኪዳን አይዘጋም ብለው አስተምረውኛልና ቃሌ ይኸው፦ እኔ በሕይወት እስካለሁ እዚያ ጫካ ውስጥ ያንተ ሥርዓት አይፈርስም፤ በሥርዓቱ የሚቆም ሁሉ ካንተ የመጣ መሆኑን ከኔ ይሰማል። የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ ማልቀሱን ጨርሻለሁ፣ ቢያንስ የጧቱን።

ነገ ቅዳሜ ነው፣ አደኑ የሚከፈትበት። መጀመሪያ ዳዊቴን እደግማለሁ። ቀጥሎ ትርሲትን እቀሰቅሳለሁ፤ ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከዚያ ሁለት ካልሲ ደርቤ ቦት ጫማህን አጠልቃለሁ፣ ዲኖ ያመጣልኝንም ብርቱካናማ ሰደርያ ከጋቢዬ በላይ እለብሳለሁ፤ ጥሩነሽ አይታ የፈለገችውን ትበል። ጫካው ስንደርስ እነዚያን ሁለት ወንድማማቾች ማንም ሳይበተን ፊቴ አቆምና ከያንዳንዳቸው ምልክት እቀበላለሁ። ሥጋው ሲመደብ ደግሞ አንድ መደብ በስምህ አስጨምራለሁ፤ ታች ለምትኖረው ለሲኞራ ኢዳ፣ አንተ ትሰጣት እንደነበረው። ዲኖ መከራከሩ አይቀርም። ይከራከር።

ያንተዋ
አጸደ